የስክሪን ብርሃን ለውጥ ለመያዝ የቱ ሴንሰር ይሻላል? (ጎንደር)

ጥያቄ፦ ስክሪን ከጥቁር ወደ ነጭ የሚቀየርበትን ቅጽበት በአርዱዊኖ መለካት እፈልጋለሁ። ጎንደር ላይ ምን ልግዛ?

መልስ፦ ኤልዲአሩን (በብርሃን መጠን ሬዚስታንሱ የሚለዋወጠውን ሴንሰር) ተወው ወንድሜ። ጂኤል5528 የሚባለው ኤልዲአር ለመንቃት 20፣ ለመመለስ 30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የ60 ኸርዝ ስክሪን አንድ ፍሬም (አንድ ምስል የሚቆይበት ጊዜ) ግን 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ለበረንዳ መብራት ይሁን።

የሚያዋጣህ ቢፒደብሊው34 ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዳዮድ) ነው። ስትገዛ ፊቱን እይ፤ እንደ መስታወት የጠራ ይሁን። ከቴሌቪዥንና ከሪሲቨር የሚነቀለው ጥቁሩ የሚያሳልፈው ኢንፍራሬድ ብቻ ነው፤ የኤልኢዲ ስክሪን ደግሞ ኢንፍራሬድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ነጭ ስክሪን ፊት ብትደቅነውም ዝም ነው የሚልህ። ባለ 3 እግሩ የሪሞት መቀበያም በ38 ኪሎ ኸርዝ ለሚርገበገብ የሪሞት ምልክት ስለተሠራ አይሆንም። ፒያሳ ጥገና ቤቶች የጠራውን ካጣህ ከአዲስ አበባ አስልክ።

አያያዙ፦ የፎቶዳዮዱ ካቶድ (ነጌቲቭ እግሩ) ወደ ኤምሲፒ6002 ኦፕአምፕ (ማጉያ ቺፕ) ነጌቲቭ መግቢያ፣ አኖዱ (ፖዘቲቭ እግሩ) እና የኦፕአምፑ ፖዘቲቭ መግቢያ ወደ ግራውንድ። ከነጌቲቭ መግቢያው ወደ መውጫው 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከሱ ጋር ጎን ለጎን (ፓራለል) 10 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር። ካፓሲተሯን እንዳትዘላት! ያለሷ መውጫው ይርገበገባል፤ አንዱን ለውጥ ሦስት አራት አድርጎ ይቆጥርልሃል። የፎቶዳዮዱ እግርም አጭር ይሁን። በዚህ አሠራር ምላሹ ከ10 ማይክሮ ሰከንድ በታች ነው። በኤምሲፒ6002 ፋንታ ኤልኤም358ም ይሠራል፤ በ5 ቮልት ግን መውጫው ከ3.5 ቮልት ብዙም አያልፍም።

መውጫውን በአናሎግ ፒን አታንብብ፤ አንዷ ንባብ 110 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ትወስዳለች። በኤልኤም393 ኮምፓራተር (ሁለት ቮልቴጅ የሚያወዳድር ቺፕ) አሳልፈህ ፒን 2 ላይ ኢንተራፕት (ለውጥ ሲመጣ አርዱዊኖውን ወዲያው የሚያነቃ) አድርገው። የተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ኤልኤም393 ሊገኝ ይችላል። የኮምፓራተሩ መውጫ ላይ የ10 ኪሎ ኦም ፑልአፕ (ወደ 5 ቮልት የሚያያዝ ሬዚስተር) ካላደረግህ ግን ከፍ አይልም።

ጭማሪ፦ መገጣጠም ለማይፈልግ ኦፒቲ101 የሚባል የብርሃን ሴንሰር አለ፤ ማጉያው ውስጡ ነው፣ 14 ኪሎ ኸርዝ ይደርሳል። ዋጋው ከፍ ይላል። ደማቅ ስክሪን ላይ በቀጥታ ከለጠፍከው በ5 ቮልት መውጫው ጫፍ ደርሶ ይቆማል፤ ነጭ ወረቀት ጣልቃ አስገባበት።

የስክሪኑን ብርሃን 100 በመቶ አድርግ። ብዙዎቹ ብርሃን የሚቀንሱት ባክላይቱን (ከስክሪኑ ኋላ ያለውን መብራት) በሰከንድ መቶዎች ጊዜ እያጠፉና እያበሩ ነው፤ ፈጣን ሴንሰር ያንን ሁሉ ያያል። የክፍሉ መብራትም መስመሩ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዙሪያውን በጥቁር ናስትሮ ሸፍነው። ስክሪን የሚሳለው ከላይ ወደ ታች ነውና በየልኬቱ ያው ቦታ ላይ ለጥፈው፤ ከላይኛው ጥግ ወደ ታችኛው ካዛወርከው እስከ 16 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ይመጣል።