ቦይለራችን እንደ ቆሎ ይንጣጣል፤ ምን ሆኖ ይሆን?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ውስጥ 50 ሊትር የሚይዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር አለ። ከተገጠመ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አንድም ቀን ተከፍቶ ታጥቦ አያውቅም። ከሰኔ ወዲህ ባበራነው ቁጥር መጀመሪያ ምጣድ ላይ እንዳለ የሽንብራ ቆሎ ይንጣጣል፤ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ እንደ ንፍሮ ድስት ይንተከተካል። የመታጠቢያውን ቧንቧ ስዘጋም ግድግዳው ውስጥ አንድ ጊዜ በመዶሻ የተመታ ያህል ይጮኻል። እናቴ ፈርታ በዚህ የሐምሌ ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ጀምራለች። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ውሃ ታንጠባጥብ ስለነበር የገጠመልን ሰው ቀዳዳዋን በቡሽ ደፍኖልናል። ማሞቂያውን መቀየር አለብን ወይስ ይጠገናል?

መልስ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ከባሕር ዳር፦
እህቴ፣ የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ተነሺና የቦይለሩን ብሬከር አጥፊው። ድምፁ ይቆየን፤ እኔን ያስደነገጠኝ ቡሹ ነው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 75 ዲግሪ ሲደርስ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። ያ ትርፍ የሚወጣው በዚያች ቫልቭ በኩል ስለሆነ ሲሞቅ ብቻ የምታንጠባጥብ ከሆነ ሥራዋን እየሠራች ነው። እሷ ተደፍና ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ቢበላሽ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል፤ ይህን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ቡሹን አውጪው። ጠብታው ካስቸገረሽ ቀዳዳዋ ላይ ቀጭን ጎማ አስገቢና ጫፉን ወደ ታች፣ ወደ ፍሳሽ ምራው፤ ጫፉ ግን ምንጊዜም ክፍት ይሁን።

መልስ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከፍኖተ ሰላም፦
ወንድሜ ስለ ቫልቩ ያለው ትክክል ነው። መንጣጣቱ ግን ከማሞቂያው ዘንግ የሚመጣ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን ተመልከቱ፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ቦይለሩም ይዟል። ቅርፊቱ ዘንጉን ሲሸፍነው ከሥሩ የተያዘው ውሃ ብቻውን ይፈላል፤ እንፋሎቱ አረፋ ሆኖ ፈንድቶ ሲወጣ ነው ያንን የቆሎ ድምፅ የምትሰሙት። መንተክተኩ ደግሞ ጋኑ ሥር በተኛው ደለል ምክንያት ይመስለኛል። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ ቀይ ጭቃ ይዞ እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት አስከፍታችሁ አስጠርጉት።

ጠያቂ፦
ቡሹን አውጥቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንቆርቆሪያው በእርግጥም ነጭ ነው። እኔው ራሴ ብከፍተው ይቻላል? ደግሞስ ከፍታው ያመጣው ነገር ይኖር ይሆን? እዚህ ውሃ ቶሎ ይፈላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፣ የፊዚክስ መምህር ከእንጅባራ፦
የሰሙት እውነት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በክፍት ድስት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ወደ ቦይለሩ የሚወርደው ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር ከሆነ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ሦስት ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.3 ባር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በተሸፈነው ዘንግ ላይ ያለው ውሃ ከቆላ ይልቅ ቀድሞ ይፈላል። ከፍታው ድምፁን ያጎላዋል እንጂ አይፈጥረውም፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ይጠፋል።

መልስ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከፍኖተ ሰላም፦
አይክፈቱት፤ ባለሙያ ይጥሩ። ሠራተኛው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ይወቁ። ብሬከሩን ያጠፋል፤ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመፈተሻ ያረጋግጣል፤ መግቢያውን ዘግቶ ውሃውን ያፈስሳል። ዘንጉን አውጥቶ ቅርፊቱን በእንጨት ይፍቀው እንጂ በቢላዋ አይቧጭረው፤ የቀረውን አቼቶ ውስጥ በመዘፍዘፍ ማሟሟት ይቻላል። ከዘንጉ አጠገብ ጋኑ እንዳይዝግ የሚበላለት የማግኒዥየም ዘንግ አለ፤ ካለቀ ይቀየር። የጎማ ማሸጊያውም አዲስ ይሁን። የመሬት ሽቦው በትክክል መታሰሩን ሳያይ እንዳይሄድ! መልሶ ሲሞላ ደግሞ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ክፍት ሆኖ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ድረስ ኤሌክትሪኩ አይብራ፤ ዘንግ ያለ ውሃ ከበራ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ቅርፊቱ ይበዛል።

መልስ፣ በእንግሊዝ አገር የምትኖር የቢቸና ልጅ፦
እዚህ ቤት የሚሞቀው ከቦይለር በቧንቧ በሚዞር ሙቅ ውሃ ነው። የእኔም ባለፈው ክረምት ልክ እንደዚያ ይንተከተክ ነበር፤ የተገኘው ያው ቅርፊት ነው።

ጠያቂ፦
ትናንት ተከፈተ። ዘንጉ ክንድ የሚያህል ነጭ ቅርፊት ለብሶ ነበር፤ ከጋኑ ሥርም ግማሽ ባልዲ ደለል ወጣ። የማግኒዥየሙ ዘንግ ሽቦው ብቻ ቀርቶ ስለነበር ተቀየረ። ዛሬ ጠዋት አንድም ድምፅ ሳይሰማ ሞቀ፤ እናቴም ታጠበች። ቧንቧ ስዘጋ የሚሰማው ምት ግን አሁንም አለ።

መልስ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ከባሕር ዳር፦
እሱ ከቦይለሩ አይደለም። የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲቆም ኃይሉን የሚያሳርፈው ቧንቧው ላይ ነው፤ ቧንቧው በደንብ ካልታሰረ ግድግዳውን ይመታል። ለጊዜው ቀስ ብለሽ ዝጊው፤ ሠራተኛው ሲመለስም የሚታየውን ቧንቧ በየሜትሩ በማሰሪያ ያጥብቀው።