ድጎማው ለቆጣሪው ነው ወይስ ለችግረኛው?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ውርጩ በሚበረታበት ወቅት፣ መንግሥት ችግረኛ ቤተሰቦችን በመብራትና በማገዶ ወጪ ለይቶ መርዳት አለበት ወይስ የለበትም? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። መንዝማ ከዚያም ይብሳል። ስድብ የለም፤ ምክንያታችሁን ጻፉ።

ነጋዴ፣ ከደብረ ብርሃን፦ እኔ አልስማማም። ድጎማ እኮ አሁንም አለ። የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ግን በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማያልፍ ሰው ዛሬም የሚከፍለው ከሁሉ ዝቅተኛውን ዋጋ ነው። የነዳጁን ድጎማም አይተነዋል። ለድሃው ተብሎ የወጣው ገንዘብ ባለመኪናውን ሲጠቅም ኖረ። ገንዘብ ካለ ትራንስፎርመር ይቀየርበት።

ተከራይ፣ ከደብረ ብርሃን ጠባሴ፦ ወንድሜ፣ ርካሹን 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚያገኘው ባለ ቆጣሪው ነው። እኛ ግቢ አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። የሁላችንም ፍጆታ ተደምሮ ስለሚመጣ ሂሳቡ ላይኛው የዋጋ እርከን ላይ ይወጣል። አከራያችን ደግሞ በአምፖል ቁጥር ያካፍሉናል። ሁለት ሰው የሚኖርበት ባለ ቆጣሪ ቤት ግን ርካሹን እርከን ለብቻው ይይዛል። ታዲያ ድሃው ማን ነው?

ምጣዱንም አስቡት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ከተጋገረ 7 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት አምፖል ሳያበራ የወሩን 50 ጨረሰ።

እኛ ግቢ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ክልክል ነው። ስለዚህ ከሰል ነው። ማታ ብርዱ ሲጠና በሩን ዘግተን፣ ከሥሩ ጨርቅ ወትፈን ምድጃውን እናቅፋለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፣ በዚያው ይቀራል። ልጆች ይዤ በየማታው የምፈራው ይህንን ነው። እባካችሁ፣ ከሰሉን ሳታወጡ አትተኙ።

ነጋዴ፦ ስለ ከሰሉ ልክ ነህ። ግን መፍትሔው እኮ ቆጣሪ ማስገባት ነው።

ተከራይ፦ በሰው ቤት ላይ ቆጣሪ የማስገባው እኔ ነኝ? ባለቤቱ ካልፈለገስ?

ገበሬ፣ ከመሐል ሜዳ፦ የእኛ ችግር ሌላ ነው። እዚህ መብራት የገባለትም ቢሆን የሚጋግረው በኩበት ነው። እናቴ እበቱን ጠፍጥፋ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ክረምት ሳይገባ ትከምራለች። ያ እበት ማሳ ላይ ቢወድቅ ገብሱን ያሳምር ነበር። እሱን አንድደን ማዳበሪያ በውድ እንገዛለን። ጭሱ ደግሞ ዓይኗን ጨርሶታል።

ስለዚህ ታሪፍ ቢቀንስ ለእኛ ምን ሊረባን? ምርጥ የሚባለውን የሲሚንቶ ምድጃ ስጡን። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የመንዝን የጓሳ ሣር መሬትም ማሰብ ነው። አባቶቻችን በሥርዓት ጠብቀው ያቆዩት መሬት ነው፤ ማገዶ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

ጤና ባለሙያ፣ ከደብረ ሲና፦ ችግረኛውን መለየት ከባድ አይደለም። በማኅበረሰብ ጤና መድን መክፈል የማይችለው በቀበሌ ተለይቶ መዋጮው ይሸፈንለታል። ድጎማውም በዚያው ዝርዝር ይሂድ።

ነጋዴ፦ ያ ዝርዝር ውስጥ የዘመድ ሥራ የለም ትያለሽ?

ጤና ባለሙያ፦ አለ። ለዚህ ነው ስሙ በስብሰባ ፊት ይነበብ የምለው። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል። አድልዎ ይኖራል ብለን ልጆች በተዘጋ ቤት ከከሰል ጋር ይደሩ አንልም።

አወያይ፦ የራሴን ልናገር። ድጎማው ቆጣሪውን ሳይሆን ቤተሰቡን ይከተል ባይ ነኝ። አንድ ቆጣሪ ላይ አምስት ቤተሰብ ካለ፣ ቀበሌው አረጋግጦ ርካሹ እርከን በአምስት ይባዛ። ገጠር ላይ ደግሞ ምድጃው ይቅደም።

ነጋዴ፦ እርከኑ ይባዛ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። ጥሬ ገንዘብ ይታደል ከተባለ ግን አልፈርምም።

ተከራይ፦ ጥሬ ገንዘብ ማን ጠየቀ? አከራዩ ሂሳቡን በአምፖል ማካፈሉን እንዲተው የሚያስገድደው ማን እንደሆነ ንገሩኝ። አለዚያ የተባዛው እርከን ጥቅሙ እሳቸው ኪስ ነው የሚቀረው።