መጥፎ አስተያየት በምን ይታወቃል? ወይስ ስላልተስማማሁበት ነው?

መምህሩ፦
ሰላም ቤቶች። 11ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከጋዜጣ ሁለት የአስተያየት ጽሑፎች ቆርጬ ክፍል ገባሁ። አንዱን "ጥሩ"፣ ሌላውን "መጥፎ" ብዬ ላስተምርባቸው። ገና ሳልጨርስ፣ ከኋላ ወንበር ማስቲካ የሚያኝክ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ መጥፎ ያሉት ስላልተስማሙበት አይደል?" ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ አልነበረኝማ። ቤት ገብቼም አልለቀቀኝም። እስቲ እናንተ በምን ትለያላችሁ?

ቡና ቀጠነ፦
ቀላል ነው። የኔን ወገን ከነካ መጥፎ፣ ያንተን ከነካ "ደፋር ብዕር"። ሃሃሃ።

አራሚው፦
ልጁ ጎበዝ ነው። ጋዜጣ ቤት 9 ዓመት አራሚ ነበርኩ። አራሚ ፊደል ለቃሚ ነው፤ ሐሳቡ አያገባውም። ፊደል ስትለቅም ግን ወገንተኝነት ግስ ውስጥ ተሸጉጦ ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ "አሉ" እና "አለ"ን እይ። በአማርኛ አክብሮት ግስ ላይ ይወጣል፤ ማምለጫ የለም። አንዱ "ገለጹ"፣ "አስገነዘቡ" እየተባለለት ሌላው "አለ"፣ ሲብስም "ለፈፈ" ከተባለ፣ ጸሐፊው ገና ሳይከራከር ፈርዷል። እኛ ቤት አንድ ዓምደኛ ነበር። የሚወደውን አንቱ፣ የሚጠላውን አንተ ይላል፤ ያውም እዚያው አንቀጽ ውስጥ። አንድ ቀን ላስተካክል ብዬ ሁሉንም "አሉ" አደረግኩለት። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ "ጽሑፌን ገደልከው" አለኝ። እውነቱን ነው። አክብሮቱ ሲስተካከል ሌላ የቀረ ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ደግሞ ባለቤት የሌለው ግስ አለ። "ተብሏል"፣ "ይነገራል"። በደርግ ጊዜ "አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው" ሲባል፣ ማን ተኮሰ ለሚለው ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ የለም። ስያሜውንም አትለፈው። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን "ወንበዴ" ሲላቸው የኖሩትን ታጣቂዎች ከግንቦት 20 ቀን 1983 በኋላ እንዲያ አልጠራቸውም። ጋዜጣው ያው፣ ሰዎቹም ያው።

ለልጆቹ ቀይ እስክሪብቶ ስጣቸው። ሐሳቡን ተዉትና ግሱን አስምሩ በላቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሽ አራሚው፣ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር። አስተያየት ጸሐፊ ወገን ቢይዝ ሥራው ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዜናው ነው። ኒውዮርክ ታይምስን ከኢራቅ ጦርነት በኋላ ያሳፈሩት ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ የወጡ ዜናዎች ነበሩ፤ የፊት ገጽም ጭምር። እ.አ.አ. በግንቦት 2004 አዘጋጆቹ ራሳቸው ጥንቃቄያችን ጎድሏል ብለው ጻፉ። እነዚያ ዜናዎች ላይ "ለፈፈ" የሚል ግስ አታገኝም። ልቅም ያሉ ናቸው። ችግሩ ምንጩ ላይ ነበር፤ ሳዳም እንዲወድቅ አጥብቀው የሚፈልጉ ስደተኞች ያወሩት በቅጡ ሳይጣራ ታተመ። እኔ ከዚያ ወዲህ ማንበብ ስጀምር፣ ይህን የተናገረው ሰው ምን ያገኝበታል እላለሁ።

አራሚው፦
ተረታሁ። እሱን በቀይ እስክሪብቶ አትይዘውም።

መምህሩ፦
ማታ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። "ጥሩ" ብዬ የወሰድኩት ጽሑፍ ላይ እኔ የምደግፋቸው ሰውዬ አራት ጊዜ "አስረዱ"። ያኛው ሁለት ጊዜ "ቀባጠረ"፣ አንድ ጊዜ "ተንጫጫ"። ብቻውን እንዴት እንደሚንጫጫ እንጃ። "መጥፎ" ያልኩት ደግሞ ሁሉንም "አሉ" ብሎ ነው የጻፈው፤ የጠቀሰውን ደብዳቤም በቁጥርና በቀን አስቀምጧል። አሁንም አልስማማበትም። ሰኞ ልጁን ክፍል ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ማስቲካዋን ግን ይተፋታል።