ከቦሌ ደለስ፦ ሲሄድ መንገድ ላይ ያርፋል፣ ሲመለስ በቀጥታ ይመጣል፤ ለምን?

ጥያቄ
ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አውሮፕላኑ ሲሄድ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ሲመለስ ግን አንዴ ተነስቶ ቦሌ ነው። ትኬቱ ላይ ደግሞ መነሻው ማታ 22:30፣ መድረሻው በማግስቱ 08:00 ነው የሚለው። ስቀንሰው 9 ሰዓት ተኩል ብቻ ይመጣል። እንዴት ይሆናል?

መልስ 1
አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ባይኖር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረረ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጅበታል። ግን አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ብርቱው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ሲሄድ በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ቢቀንስበት ወደ 13 ሰዓት ከ45 ይደርሳል፤ ሲመለስ ያንኑ ቢጨምርለት ወደ 12 ሰዓት ይወርዳል። መነሳትና ማረፍ የሚወስዱት ጊዜ በዚህ ላይ ይደመራል።

እንዲያርፍ የሚያስገድደው ግን ከነፋሱ ይልቅ ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ላይ ስላለ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ሙሉ ተሳፋሪ፣ ጭነትና የ14 ሰዓት ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት አይቻልም። ስለዚህ ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ ይቀዳል። ደለስ ከፍታው 95 ሜትር ብቻ ነው፤ እዚያ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል።

መልስ 2
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን የት እንደሚያርፍም እዩ። ሮምም፣ ደብሊንም፣ የቶጎዋ ሎሜም ማረፊያ ሆነው ያውቃሉ። ሮም መንገዱን የምታስረዝመው በ150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደብሊን በ270፣ ሎሜ ግን በ1,190። ካርታ ላይ ደብሊን ወደ ሰሜን የራቀች ትመስላለች፤ ምድር ክብ ስለሆነች ግን አጭሩ መስመር በአውሮፓ በኩል ነው የሚያልፈው። ክር ወስዳችሁ ሉል ላይ ብትወጥሩት ወዲያው ይታያል።

መልስ 3
ስለ ሰዓቱ፦ ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። በበጋቸው ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ በክረምታቸው 8። የበጋው ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው። ያንተ 9 ሰዓት ተኩል በጁላይ 16 ሰዓት ተኩል ነው፤ የነዳጅ ማረፊያው እዚሁ ውስጥ ነው።

ትልቁ ስሕተት ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባሉ በረራዎች ላይ ነው። «ሐሙስ 00:30» ማለት ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው። እኛ ያንን ረቡዕ ሌሊት ነው የምንለው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሆነው ነው። ለወላጅ ትኬት ስትልኩ «ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ድረሱ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉላቸው።