«ተራራው የእግረኛ ርስት አይደለም»

የደባርቅ ባለበቅሎ፦ ቅዳሜ ጎንደር ላይ ባለመኪኖችና አስጎብኚዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ከኋላ ቆሜ ነበር። የተነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከቡይት ራስ እስከ ጨነቅ ባለው የስሜን ተራሮች ፓርክ መንገድ የጎብኚ መኪናና ሞተር ብስክሌት እስከ ረፋድ ይታገድ ወይስ አይታገድ? አንድ ባለመኪና ተነሱና «ተራራው የእግረኛ ርስት አይደለም» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ከሳንቃ በር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ 14 ዓመት ጭነት ስጭን ማንንም ርስት ጠይቄ አላውቅም። የጠየቅሁት በቅሎዬን እንዳያስደነግጡብኝ ብቻ ነው።

ባለላንድክሩዘር፦ የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቴ ጉልበታቸው አይታዘዝም። ጨነቅ ላይ ዋልያ ያዩት በእኔ መኪና ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ በእግሩ ይድረስ ነው የምትሉት? ወይስ ገደሉን ለማየት መጀመሪያ የጉልበት ፈተና ማለፍ አለበት?

የደባርቅ ባለበቅሎ፦ እናትህን ዕድሜ ይስጣቸው። እርሳቸውን ማን ከለከለ? እስከ ረፋድ ነው ያልነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ውስጥ አድሮ ፀሐይ ስትወጣ ነው ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር የሚነጨው። እግረኛው ያንን ለማየት ሦስት ቀን ይሄዳል። አንተ በዚያው ሰዓት ጥሩምባህን ትነፋለህ።

ጎሃ ማዶ፦ «ርስት» የምትለዋን ቃል የወረወራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ርስት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቀርቷል። እናንተ ገና ትካፈሉታላችሁ።

ባለላንድክሩዘር፦ ምሳሌ መሆኑ ጠፍቶህ ነው?

ጎሃ ማዶ፦ ምሳሌህ ነው ያስቆጣኝ። እዚያ ተራራ ላይ ርስት ነበረን ሊሉ የሚችሉት የግጭ ሰዎች ናቸው። ለፓርኩ ሲባል ቤታቸውን ነቅለው ደባርቅ ገብተዋል። ዛሬ ባለመኪናውና ባለበቅሎው በእነርሱ ሜዳ ላይ «የአንተ አይደለም፣ የእኔም አይደለም» ይባባላሉ።

ከኮሎራዶ፦ ወገኖቼ፣ እዚህ ዴንቨር አካባቢ ስኖር ይህንኑ ጭቅጭቅ በበረዶ ላይ አይቻለሁ። ቬይል ፓስ የሚባል የተራራ መተላለፊያ አለ፤ ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነው፣ የሳንቃ በር እኩያ። በስኪ የሚንሸራተተው ሰው አንድ ያልተነካ ቁልቁለት ለመውረድ ግማሽ ቀን በእግሩ ዳገት ይወጣል። ስኖውሞቢል የሚባለውን የበረዶ ሞተር የሚነዳው ግን ከምሳ በፊት አሥር ቁልቁለት ላይ ዱካውን ጥሎ ይሄዳል። ያኛው ስለ ጭሱና ስለ ጩኸቱ ይማረራል፤ ይህኛው «መሬቱ የመንግሥት ነው፣ አንተ ብቻ ንጹሕ ነኝ አትበል» ይላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ገና እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ትእዛዝ ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች የሚሄዱበት ቦታ ሲወሰን የዱር እንስሳት መረበሽና የተጠቃሚዎች ግጭት እንዲቀንስ አዘው ነበር። ጠቡ በዚያ አላበቃም። ቬይል ፓስ ላይ ግን ቦታውን ከፋፈሉት፤ ለሞተር ብቻውን፣ ለእግረኛ ብቻውን፣ እንዲሁም በሞተር ዳገቱን ወጥቶ በስኪ ለሚወርድ። በክረምት ሁሉም መግቢያ ይከፍላል፤ መንገዱም በዚያ ገንዘብ ይደለደላል።

ባለላንድክሩዘር፦ ይኸው! ሞተርን ማባረር ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው መፍትሔው። ወንድማችን ከአሜሪካ አረጋገጠልኝ።

ከኮሎራዶ፦ እንዲያ አላልሁም።

የደባርቅ ባለበቅሎ፦ እዚያ የተቧጨረው በረዶ በሚቀጥለው ሌሊት በሌላ በረዶ ይሸፈናል። ከቧሂት ተራራ በታች ጎማ የቆረጠውን ሣር ማን ይሸፍነዋል? ጅብራው ሥር የገባው የጎማ ቦይ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይሆናል እንጂ አይድንም።

ባለላንድክሩዘር፦ የበቅሎህ ኮቴ ሣር ላይ ሲያርፍ ይባርከዋል? ከእመት ጎጎ ወደ ጨነቅ ያለውን የእግር መንገድ ሂዱና እዩት፤ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ሆኗል። ያንን መኪና አልቆፈረውም።

አስጎብኚዋ፦ እውነቱን ነው። ደስ ባይለኝም እውነቱን ነው። አንድ እንግዳ ለሦስት ቀን ስንት በቅሎ እንደሚያስፈልገው ማንም አይቆጥርም፤ ወንበርና ጠረጴዛ ሳይቀር እናስጭናለን።

የደባርቅ ባለበቅሎ፦ እኅቴ፣ ወንበሩን ያዘዝሽው አንቺ ነሽ።

አስጎብኚዋ፦ ያዘዘው እንግዳው ነው። አንተስ «ሁለት አይበቃም፣ ሦስት ይሁን» አላልህም?

ከጃናሞራ፦ እናንተ ስለ ሽርሽር ትጣላላችሁ። መንገዱ ለእኛ መንገድ ነው። ከመካነ ብርሃን ደባርቅ ሐኪም ቤት የምትሄድ ምጥ የያዛት ሴት ዋልያ እስኪያልፍ ትጠብቅ?

የደባርቅ ባለበቅሎ፦ አንባቢ ይፍረደኝ! «የጎብኚ መኪና» ነው ያልሁት። አምቡላንስ አላልሁም፣ አውቶቡስ አላልሁም።

ከጃናሞራ፦ አንተ አላልህም። በር ላይ የሚቆመው ሰው ግን ይላል። ዛሬ ለጎብኚ የተዘረጋ ገመድ ነገ ለእኛ ይዘረጋል፤ ዐውቀዋለሁ።

ስካውት ነበርሁ፦ የፓርኩ ጥበቃ ሆኜ፣ ጠመንጃ ይዤ ስሜን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሻለሁና ልናገር። ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቦት በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ሲያስገባው ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው መንገድ ነበር። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። ስለዚህ መኪናው ምንም አያደርግም አትበሉኝ። ደግሞ ለእግረኛውም እነግረዋለሁ፤ አንድ ሌሊት ጨነቅ ላይ የከፍታ ሕመም የጣለውን እንግዳ ወደ ደባርቅ ያወረደው ባለመኪና ነው። ሲጠራ ሰዓት አልጠየቀም፣ ብርም አልተቀበለም።

ከኮሎራዶ፦ እዚህም የበረዶ ናዳ ስኪ ተንሸራታቹን ሲቀብረው ስኖውሞቢል ይዘው ለፍለጋ የሚወጡ አሉ።

ባለላንድክሩዘር፦ የበሬውን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ! ስንረዳ ባለመኪና፣ ስንጠየቅ ጩኸት።

የደባርቅ ባለበቅሎ፦ ምስጋናው ይድረስህ። አሁን በጥቅምት የደረሰብኝን ልንገርህ። ወደ ቧሂት መታጠፊያው ላይ ሁለት ሞተር ብስክሌቶች ከኋላዬ መጡ። በቅሎዋ ጆሮዋን ጣለች፣ አንድ ጊዜ ዘለለች፣ የጭነቱ ጠፍር ተፈታ። ምድጃው ቁልቁል ተንከባለለ። ከ20 የእንግዳ እንቁላል ሁለት ተረፈ። አንደኛው ሞተረኛ ዞሮ አየኝና እጁን አውለበለበ። ሰላምታ መስሎት ነው።

ባለላንድክሩዘር፦ ሞተረኞቹ የእኔ ሰዎች አይደሉም። እኔ አራት ጎማ ነው ያለኝ።

ጎሃ ማዶ፦ አዳራሹ ውስጥ «እኛ ባለሞተሮች» ብለህ ስትጀምር አብረህ ቆጥረሃቸዋል። ሰምቼሃለሁ።

ባለላንድክሩዘር፦ እሺ፣ የእንቁላሉን እኔ እከፍላለሁ። በሰዓቱም እንነጋገር፤ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ብትሉኝ እቀበላለሁ። «ርስት» ያልሁትን ግን አላነሳም።

የደባርቅ ባለበቅሎ፦ በሁለት ሰዓት ተኩል ጭላዳው ገና ፀሐይ እየሞቀ ነው። እስከ አራት። እንቁላሉን ተወው፤ ቃሉን አንሳ።

ባለላንድክሩዘር፦ ሦስት።

ከጃናሞራ፦ ቆይ፣ ሰዓቱን የምትካፈሉት ማን ፈቅዶላችሁ ነው?

አስጎብኚዋ፦ በቅሎዋስ ደህና ናት?

የደባርቅ ባለበቅሎ፦ ደህና ናት። ሞተር ስትሰማ ግን እስከ ዛሬ ትቆማለች።