ከወልዲያና ከመርሳ ወደ ደሴ፦ ስንት ሜጋ ይበቃል?

የደሴዋ፦ ሰላም ናችሁ? ሰርቨራችን ደሴ ነው። ወልዲያ ሦስት፣ መርሳ ሁለት ልጆች የሂሳብ ሶፍትዌሩን በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር) ይከፍታሉ። ጤፍ የጫነ መኪና በር ላይ ቆሞ ደረሰኙ አይከፈትም! ወደ 10 ሜጋ እናሳድገው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ገና ብር አታውጪ። እንደ ፒችትሪ ያሉት የሂሳብ ሶፍትዌሮች ፋይሉን በመስመሩ እያመላለሱ ነው የሚያነቡት፤ የታሰቡት ለአንድ ቢሮ ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ አድርጊው፤ ሶፍትዌሩ እዚያው ደሴ ሰርቨሩ ላይ ይሠራል፣ የሚጓዘው በዋናነት የስክሪኑ ምስል ይሆናል። ለተራ ሥራ በሰው 200 ኪሎቢት አካባቢ ያዢ። ከደሴ የሚወጣው አፕሎድ ነውና እሱን ለኪ። ቪፒኤኑን ግን እንዳታጠፊው፣ አደራ!

ሌላ መልስ፦ ፒንጉስ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ)? እሱ ከበዛ ሜጋ ቢጨመርም ፊደሉ እየዘገየ ነው የሚመጣው። ትልልቅ ህትመትም መስመር ይበላል።

የደሴዋ፦ ፒንጉ ከወልዲያ 40 ሚሊሰከንድ ነው። አፕሎዱ 2 ሜጋ።

መልስ፦ አምስት ሰው በ200 ኪሎቢት 1 ሜጋ ነው፤ ይበቃል። መጀመሪያ መርሳን ሞክሪ።