«ቦሮው» እና «ሌንድ»፦ የቱ ነው ተበዳሪ፣ የቱ አበዳሪ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም «ብድር» ብሎ ያልፋቸዋል። «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» ግን ስህተት ነው ተባለ። «እስክሪብቶህን አውሰኝ» ማለት አይደል እንዴ?

መልስ 1፦
አይደለም፤ አቅጣጫው ተገልብጧል። ቦሮው ተበደረ፣ ተዋሰ ነው። ሌንድ ደግሞ አበደረ፣ አዋሰ። እኛ «ተ»ን በ«አ» ቀይረን የምንገላገለውን እንግሊዝኛ ጨርሶ በማይመሳሰሉ ሁለት ቃላት ነው የሚለየው። ስለዚህ «አውሰኝ» ስትል «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?»፤ «ልዋስህ?» ስትል «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?»። ሲምታታብህ የግሡን ባለቤት ያዝ፦ ዕቃው ወደ እሱ ከመጣ ቦሮው፣ ከእሱ ከወጣ ሌንድ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከግሡ በኋላ ነው። «ከሱ 500 ብር ተበደርኩ» ለማለት «ፍሮም ሂም» የግድ ነው፤ «አይ ቦሮውድ ሂም» ካልክ ሰውየውን ራሱን ተዋስከው። ሌንድ ሁለት መንገድ አለው፦ «ሌንት ሂም 500 ብር» ወይም «ሌንት 500 ብር ቱ ሂም»። «ሌንት ቱ ሂም 500 ብር» አያስኬድም። ያለፈው ጊዜ ሌንት ነው፤ «ሌንድድ» የሚባል የለም።

መልስ 2፦
ላይ ያለው ትክክል ነው፤ አንድ ልጨምር። አማርኛ የሚለየውን እንግሊዝኛ አይለይም። ገንዘብ ወይም አንድ ጣሳ ጤፍ ትበደራለህ፤ የምትመልሰው አምሳያውን ነው። መጥረቢያ ግን ትዋሳለህ፤ የሚመለሰው ያው መጥረቢያ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚደነግገው። በእንግሊዝኛ ሁሉም ቦሮው ነው፣ ተበልቶ የሚያልቀው ስኳር ሳይቀር። ስለዚህ ወደ አማርኛ ስትመልስ ዕቃውን ሳታይ አትተርጉም፤ «መጽሐፍ ተበደረ» የሚለው ትርጉም የሚመጣው ከዚህ ነው።

መልስ 3፦
«ሎን» በመሠረቱ ስም ነው፣ ብድሩ ራሱ። አሜሪካኖች «ሎን ሚ» እያሉ እንደ ግሥም ይጠቀሙበታል፤ እንግሊዞች ሌንድን ይመርጣሉ። ለፈተና ሌንድ አያስቀጣም።

ጠያቂ፦
ገባኝ። «ሬንት»ስ?

መልስ 1፦
እሱ ደግሞ ተከራየም አከራየም ነው። «አይ ሬንት ኤ ሃውስ» ሲባል አብዛኛው ሰው ተከራይ መሆንህን ነው የሚረዳው። አከራይ ከሆንክ «ሬንት አውት» በል።